የማንም ያልሆነ ፊት

መጋቢት 5 ቀን 1980 ዓ.ም.፣ ሰኞ

የቀበሌው የሥዕል ኮርስ ዛሬ ተጀመረ። ያዘዘው የወጣቶች ማኅበሩ ነው። ትምህርት ቤት ከዋልሁ በኋላ ሰኞና ሐሙስ ከአሥር ሰዓት ጀምሮ በቀበሌው አዳራሽ ለአሥራ አራት ወጣቶች የሰው ፊት አሣሣል አስተምራለሁ። የማኅበሩ ሐሳብ ግልጽ ነው፤ ለመስከረም ሁለት የአብዮት በዓል ሦስቱን የሶሻሊዝም ባለጢሞች የሚሥል ሌላ ሰው እንዲገኝ ነው። እኔም አልጠላሁትም። ያንን ጢም ስምንት ዓመት ሙሉ ስሥል እጄ ሥራውን ይሠራል እንጂ እኔ እዚያ የለሁም።

እንቁላል ሣሉ አልኋቸው። እንቁላሉን በአግድም ከመሃል ክፈሉት፤ ዓይን የሚቀመጠው እዚያ መስመር ላይ ነው። ሁሉም ዓይንን ግንባር ላይ ሰቅለውት አገኘሁ። በጣታችሁ የራሳችሁን ፊት ለኩ ብዬ አስለካኋቸው፤ ለክተውም አላመኑም። በሁለቱ ዓይኖች መሃል አንድ ዓይን የሚያህል ቦታ ይተዋል። ጆሮ ከቅንድብ እስከ አፍንጫ ጫፍ ነው። በዚህ ልኬት የሚወጣው ፊት የማንም አይደለም። መጀመሪያ የማንም ያልሆነውን ሣሉ፣ የሰውየው ፊት ቀስ ብሎ ይመጣል አልሁ።

ፀሐይወርቅ ከፋብሪካ ስትገባ ኮርሱ እንዴት ነበር አለችኝ። ደኅና አልኋት።

መጋቢት 8፣ ሐሙስ

የዛሬው ትምህርት ፊትን ከጎን መሣል ነበር። ተክለ ጊዮርጊስን ወንበሩ ላይ አስቀምጬ ወደ መስኮቱ ዙር ስለው ተነሣ። ልጁ ዲያቆን ነው።

«መምህር፣ አንድ ዓይኔ ብቻ ታይቶ አልሣልም።»

«ለምን?»

«የደሴቶቹን አብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ አላዩም? በአንድ ዓይን የሚሣለው ሰይጣንና ይሁዳ ነው። ጻድቅ በሁለት ዓይኑ ነው የሚያይዎ።»

አይቻለሁ እንጂ። ልጅ ሆኜ ዘጌ ስሄድ አባቴ በጣቱ እየጠቆመ ያሳየኝ ነበር። ሌሎቹንም አንድ በአንድ ጠየቅኋቸው፤ ሁሉም ራሳቸውን ነቀነቁ። አንዷ እናቴ ብታየው ውኃ ታስረጨኛለች አለች። ያን ጊዜ ሙሀመድየሱፍ ከኋላ ተነሥቶ መጣ።

«እኔ ልቀመጥ። እኛ ዘንድ ይሁዳም አይሣል፣ ጻድቅም አይሣል።»

የጨርቅ ነጋዴዋ የወይዘሮ ሀቢባ ልጅ ነው፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ። ቤታቸው ነፍስ ያለው ነገር ሥዕል አይገባም። «እናቴ አሥራ ሦስት ሰው አፍንጫዬን እየሣለ መሆኑን ብትሰማ ቂያማ ደረሰ ትላለች» ብሎ አሳቃቸው።

ለጀማሪ ጥሩ ፊት ነው፤ ልኬቱን አይከተልም። ግንባሩ አጭር ነው። አፍንጫው ከመነሻው ሰበር ብሎ ይወርዳል። የላይኛው ከንፈሩ ስለሚያጥር ሳይስቅም የፊት ጥርሱ ይታያል። ጆሮው ከሚገባው ዝቅ ብሏል፤ ከሥሩም ምስር የምታህል ጥቁር ነጥብ አለች። አሁን ደብተሬ ላይ አጎንብሼ እንኳ ዓይኔን ብጨፍን ልሥለው እችላለሁ።

መጋቢት 19፣ ሰኞ

የፈተና ወረቀት እርማት አላለቀም። ኮርሱ ላይ ዘጠኝ ሰው። ሙሀመድየሱፍ አሁንም ተቀማጭ። ሲጨርሱ እየዞረ አየላቸው፤ «ይኸኛው አጎቴ ነው። ይኸኛው ፍየል ነው» አለ። ሳቁ። እኔም የሳቅሁ ይመስለኛል።

ሰሜን በኩል አንድ ነገር ሆኗል ይላሉ። ሻይ ቤት ስገባ ወሬ ይቆማል። የቀበሌዋ ጸሐፊ የብርጓል «መምህር፣ ታናሽ ወንድም የለዎትም አይደል?» አለችኝ። የለኝም አልኋት። «ይሻላል» ብላ መዝገቧን ዘጋች።

መጋቢት 24፣ ቅዳሜ

ስብሰባ። ጦሩ ሰው ይፈልጋል። ለየቀበሌው ኮታ ወጣ፤ ከአሥራ ስምንት እስከ ሠላሳ ዓመት። ስም ዝርዝር ተነበበ። ሙሀመድየሱፍ ሰባተኛ ነው። አዳራሹ ውስጥ አልነበረም።

የእኔ ዕድሜ አርባ አንድ ነው። ደስ አለኝ ብዬ ልጽፍ ነበር። ደስ አላለኝም፤ ምንም አላለኝም። ጥርስ ሊነቀል ሲል መርፌ እንደተወጋ ድድ ነኝ።

መጋቢት 27፣ ማክሰኞ

ሊቀመንበር አበራ አስጠራኝ። የቀበሌው መዝገብ ጠረጴዛው ላይ ተከፍቶ ነበር፤ ከሙሀመድየሱፍ ስም አጠገብ ፎቶ የነበረበት ቦታ ላይ የደረቀ ሙጫ ብቻ ቀርቷል።

«ይኸ ልጅ ተሰውሯል» አለኝ። «ፎቶው ተልጧል። ማን እንደላጠው እናጣራለን።» የብርጓል በመስኮቱ ወደ ውጭ ታይ ነበር። «እናቱ ቤት ፎቶ የለም፣ ሃይማኖታችን አይፈቅድም ትላለች። አንተ ግን ሦስት ሳምንት ሙሉ ፊቱን ስታይ ከርመሃል።»

ልጆቹ የሣሉት አለ ብዬ ወረቀቶቹን ከቦርሳዬ አወጣሁለት። አገላብጦ አያቸውና «ይኸ ምንድን ነው፣ ፍየል ነው?» አለ። ተማሪ ባለማወቁ ኮርቼ አላውቅም ነበር።

«አንተው ሣለው። ለነገ። በስቴንስል አባዝተን እስከ ሐሙሲት ድረስ በየኬላው እንለጥፈዋለን።»

ለፀሐይወርቅ ነገርኋት። «አምባቸው፣ ሦስት ልጆች አሉህ» አለችና የልጆቹን ልብስ ማጣጠፏን ቀጠለች። ሣል ማለቷ ይሁን አትሣል ማለቷ አልጠየቅኋትም።

መጋቢት 28፣ ረቡዕ

ፊቱን አላስታውስም። ይህን የምጽፈው ለራሴ ነው፤ እውነትም አላስታውስም። መምህር የተማሪውን ሁሉ ፊት በልቡ አይዝም።

እንቁላል ሣልሁ። ከመሃል ከፈልሁት። ዓይኖቹን መስመሩ ላይ አስቀመጥሁ፤ በመሃላቸው የአንድ ዓይን ቦታ ተውሁ። ጆሮውን በልኬቱ፣ ከንፈሩን በልኬቱ። ሃያ ደቂቃ አልፈጀም።

ሊቀመንበሩ ለጥበቃዎቹ አሳያቸው። አንደኛው «ቁርጥ እሱን» አለ። ሌላው «ከንፈሩን ብታየው፣ አሁን ሊናገር ነው» አለ። ይኸ ሙሀመድየሱፍ ነው ስለተባሉ ሙሀመድየሱፍን አዩት። አበራ እጄን ጨበጠኝ። ቤት ስገባ ቀለል ብሎኝ ነበር። ማንንም የማይመስል ሥዕል ማንን ይጎዳል?

መጋቢት 30፣ ዓርብ፣ ስቅለት

ከስግደት ስመለስ ወይዘሮ ሀቢባ በቀበሌው በር ላይ ከተለጠፈው ወረቀት ፊት ቆማ አገኘኋት። ሻርፗን በጥርሷ ይዛ ሥዕሉን ከላይ እስከ ታች አየችው። ዞር ስትል ተያየን።

«መምህር፣ አላህ እጅዎን ይጠብቅልዎ» አለችኝ ዝቅ ባለ ድምፅ።

ስለ ምን እንደሆነ አልጠየቅኋትም።

ሚያዝያ 3፣ ሰኞ

«ተያዘ» አለኝ የቀበሌው ጥበቃ፣ ገና ከሩቅ ሲያየኝ። «ሥዕልዎ ያዘው፣ መምህር። ሐሙሲት ኬላ ላይ፣ ቅዳሜ ማለዳ ከአውቶቡስ አወረዱት።»

ደረጃው ላይ ተቀመጥሁ። ሙሀመድየሱፍ የተያዘ መስሎኝ ነው። ጥበቃው ግን እየሳቀ ቀጠለ።

«ክንዱ ነኝ ይላል፣ የይፋግ ሰው። ባሕር ዳር ሩዝ ሸጬ ለፋሲካ ወደ ቤቴ መመለሴ ነው ይላል። የገበሬ ማኅበር መታወቂያውን ቤቱ ረስቶ መምጣቱ ነው አሉ። ማተቡን ሳይቀር ከአንገቱ እየሳበ ያሳያል። የሀቢባ ልጅ ማተብ አሥሮ! ብልጥ እኮ ነው።»

ቢሮ ገባሁ። የብርጓልን፣ ልጁን አይታችሁታል ወይ አልኋት። ራሷን ከመዝገቡ ላይ አላነሣችም። «ኮታው ሞልቷል፣ መምህር። የሞላ ኮታ ማን ያጎድላል?»

ሚያዝያ 4፣ ማክሰኞ

ነገ ጠዋት ሊቀመንበሩ ዘንድ ሄጄ እናገራለሁ። ግን ምን ብዬ? ሥዕሉ ልጁን አይመስልም ካልሁት፣ እንግዲያው የሚመስለውን ሣል ይለኛል። ያን ጊዜ ሙሀመድየሱፍ ይያዛል። አሁን የሱ ስም ላይ ተያዘ የሚል ምልክት ስላለበት ማንም አይፈልገውም። ዝም የምለው ለልጁ ስል ነው።

ሚያዝያ 5፣ ረቡዕ

ሊቀመንበሩ ስብሰባ ነበረው። ነገ።

ሚያዝያ 6፣ ሐሙስ

ሄድሁ። የቢሮው በር ድረስ ሄድሁ። የብርጓል «ሊቀመንበሩን ነው የሚፈልጉት?» አለችኝ። ጠመኔ ልጠይቅ ነው አልኋት። ሁለት ፓኮ ሰጠችኝ።

ሚያዝያ 8፣ ቅዳሜ

የተመለመሉት ሐይቁ ዳር ባለው መጋዘን ውስጥ ናቸው። እናቶች ሳህን በጨርቅ ቋጥረው በሽቦው አጥር ላይ ተደርድረዋል። መንገዴ አልነበረም፤ በዚያ በኩል ዞሬ ሄድሁ።

ጥበቃው ስም ይጠራል፣ የተጠራው ወጥቶ ይሰለፋል። «ሙሀመድየሱፍ» ሲል የሚንቀሳቀስ ጠፋ። ሁለተኛ ጠራ። ከግድግዳው ሥር የተቀመጠ አንድ ወጣት ዘንድ ሄደና በጥፊ መታው። ሦስተኛ ሲጠራ ልጁ «አቤት» አለ።

አየሁት። ሥዕሌን አይመስልም። ደግሞ ይመስላል፤ ዓይኑ በመሃል፣ ጆሮው በልኬቱ ነው። የግማሹ ሰልፈኛ ፊት እንደዚያ ነው። እኔም መስታወት ባይ እንደዚያ ሳልሆን አልቀርም።

ሰኞ እናገራለሁ። ሰኞ ሳይጫኑ።

ሚያዝያ 10፣ ሰኞ

ከንጋቱ በፊት ተጭነው ሄዱ። ስድስት ካሚዮን ነበር አሉ።

ከሰዓት በኋላ ስለ ቅንድብ አስተማርሁ። ሰባት ሴቶችና ተክለ ጊዮርጊስ። ቅንድብ መስመር አይደለም፣ ፀጉር ነው፤ አንድ በአንድ ሣሉት አልሁ። ከጎን የሚቀመጥልን የለም፤ ትምህርቱን ዘለልሁት።

ሚያዝያ 23፣ እሑድ

የሠራተኞች ቀን። በሰልፉ ላይ ስሜ ተጠራ። «ጓድ አምባቸው በሙያው አብዮታዊ ግዴታውን ስለተወጣ» የሚል የምስጋና ወረቀት ሰጡኝ። ጭብጨባው ሲያልቅ ከመድረኩ ለመውረድ እግሬን የት እንደማሳርፍ ጠፋኝ። ፀሐይወርቅ ወረቀቱን ግድግዳ ላይ ሰቀለችው። ለሚመጣ ሰው ይታይ አለች። አላወረድሁትም።

ያ ልጅ አሁን ተኩስ እየተማረ ይሆናል። በሰው ስም።

ግንቦት 10፣ ረቡዕ

ዒድ አልፏል። ወይዘሮ ሀቢባ ሙሸበክ የሚባለውን የዒድ ጣፋጭ በሳህን ይዛ ቤት መጣች። ፀሐይወርቅ ሳህን ልትመልስላት ወደ ጓዳ ስትገባ ሀቢባ ወደ እኔ ጠጋ አለች።

«ደርሷል» አለችኝ። «በዓይኑ ያየው ሰው መጥቶ ነገረኝ። ወፍሯል አለኝ።»

የት እንደደረሰም ነግራኛለች፤ እዚህ አልጽፈውም። የእኛ ኬላ የማይደርስበት አገር ነው። ተመልሶም አይመጣም።

«ያተረፉልኝ እርስዎ ነዎት» አለች። ከዚያ ድምፅዋን ይበልጥ ዝቅ አደረገች። «የተያዘውስ የማን ልጅ ነው፣ መምህር? ሌሊት ሌሊት እሱ ነው የሚመጣብኝ። እናት ይኖረዋል እኮ።»

አላውቅም አልኋት። ዓይኔን አይታ አላመነችኝም።

ከሄደች በኋላ ተቀምጬ አሰብሁ። እንግዲህ ለልጁ ስል ነው የሚባለው ነገር ቀረ። ፊቱንም አስታውሰው ነበር፤ ጥቁሯን ነጥብ ሳይቀር። እሱን ለማዳን ብዬ ሌላ ሣልሁ፤ በዚያስ አላፍርም። ከዚያ ወዲህ ዝም ያልሁት ግን ፈርቼ ነው። ይኸው ጻፍሁት። ስጽፈው ይከብዳል ብዬ ነበር፤ ምንም አልከበደኝም። ያሳፈረኝ እሱ ነው።

ግንቦት 12፣ ዓርብ

ከቀኑ አሥር ሰዓት ሊሆን ነው። ቤት ውስጥ ብቻዬን ነኝ፤ ልጆቹ ጎረቤት ናቸው። ከምሳ ሰዓት ጀምሮ የሆነውን ሁሉ ልጽፍ ነው።

በምሳ እረፍት ላይ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ሰው ይፈልግዎታል አለኝ። ዋርካው ሥር አንድ ሽማግሌ ተቀምጠዋል፤ እግራቸው እስከ ጉልበታቸው አቧራ ነው። ተነሥተው እጅ ነሡኝ።

«ሥዕል የሚሥሉት መምህር እርስዎ ነዎት?»

«ነኝ፣ አባቴ።»

«ወልደ ሐዋርያት እባላለሁ። ከይፋግ ነው የመጣሁ። የክንዱ አባት ነኝ።»

ከጋቢያቸው ውስጥ የታጠፈ ወረቀት አወጡና መሬት ላይ ዘረጉት። ከሐሙሲት ኬላ ልጠው ያመጡት የእኔ ሥዕል ነው። ዳርና ዳሩን ድንጋይ ጫኑበት።

«ልጄን በዚህ ነው የያዙት። እኔ ይኸንን ወረቀት ሳምንት ሙሉ አየሁት፤ ልጄን አጣሁበት። የማንንም ልጅ ይመስላል።»

ቢሰድቡኝ ደስ ባለኝ። አልሰደቡኝም፤ እንደ ባለሙያ ነበር የሚያናግሩኝ። ማሠልጠኛው ድረስ ሄደው ኖሯል፤ በእግርም በመኪናም አራት ቀን ፈጅቶባቸዋል። ልጁን አላሳዩዋቸውም። አንድ ጸሐፊ ግን አዝኖ መክሯቸዋል፤ ሥዕሉን የሣለው ሰው ትክክለኛውን ሥሎ፣ ይኸ ሌላ ሰው ነው ብሎ ከፈረመ፣ ቀበሌውም ማኅተም ካደረገበት ነገሩ ይታያል፣ ወር ሳይሞላ ግን ይፍጠኑ፣ ከዚያ ወደ ግንባር ነው የሚሄዱት ብሏቸዋል።

«ፎቶ የለውም» አሉኝ። «እኔ እነግርዎታለሁ፣ እርስዎ ይሣሉ።»

ክፍል አስገባኋቸው። የተማሪ ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ እርሳስ ቀረጽሁ። እጄ እንደ ልማዱ እንቁላል ሊሥል ሲል «ራሱ እንዲህ ሞላላ አይደለም» አሉኝ፤ «ከላይ ሰፋ ይላል።» ልኬቱን ተውሁት። እሳቸው ይናገራሉ፣ እኔ እሥላለሁ፣ እሳቸው ያያሉ፣ እኔ እደልዛለሁ።

«አገጩ የእናቱ ነው።»

«እናቱን አላውቃቸውም፣ አባቴ።»

«እውነትዎን ነው» ብለው የራሳቸውን አገጭ በመዳፋቸው ሸፈኑና ከንፈራቸውን ወደ ውስጥ ሳቡ፤ «ይኸን ያህል ወደ ኋላ ይላል።»

ቅንድቡ የተጋጠመ ነው። በግራው ጉንጭ ላይ ልጅ ሆኖ በሬ የወጋው ጠባሳ አለ። አራት ጊዜ ደለዝሁ፤ ወረቀቱ ሊቀደድ ደረሰ። ደወል ተደወለ፣ ተማሪዎቼ ገቡ፤ ሳልነግራቸው ግድግዳው ሥር ተደርድረው ቆሙ። ሽማግሌው «የግራ ዓይኑ ከቀኙ ያንሳል፣ ሲወለድ ጀምሮ ነው» አሉኝ። የግራውን ዓይን አሳነስሁት።

ቀና ስል በጋቢያቸው ጫፍ ፊታቸውን ይዘዋል። «በቃ» አሉ ከውስጡ ሆነው። «ከእንግዲህ አይንኩት።»

መጋዘኑ ውስጥ ያየሁት ልጅ ነው። ያን ቀን ይኸን ሁሉ አላየሁበትም ነበር።

«ስሙንና ፊርማዎን» አሉኝ።

ጻፍሁ። ክንዱ ወልደ ሐዋርያት፣ የይፋግ ሰው። ሙሀመድየሱፍ ተብሎ የተያዘው ይህ ነው። የፊተኛውን ሥዕል በስህተት የሣልሁት እኔ ነኝ። በስህተት የሚለው እውነት አይደለም፤ ሌላ ቃል ልጽፍ እርሳሴን አንሥቼ ተውሁት። ሊቀመንበር አበራ ግን ሞኝ አይደለም። ሦስት ሳምንት ያየኸውን ፊት እንዴት ተሳሳትህ ይለኛል። የተላጠውንም ፎቶ በእኔ ያመካኘዋል። ይህን ሁሉ እያወቅሁ ፈረምሁ።

«ምን ይላል?» አሉኝ ሽማግሌው። አነበብሁላቸው።

«እርስዎን አይጎዳዎትም?»

«አይ» አልኋቸው።

ጉልበቴን ሊስሙ ጎንበስ ሲሉ ትከሻቸውን ይዤ አስቀረኋቸው። ወረቀቱን ሳያጥፉ በሁለት እጃቸው እንደ ታቦት ከፊታቸው ይዘው ወጡ። ለማኅተሙ በቀጥታ ወደ ቀበሌው ነው የሄዱት። ዘጠኝ ሰዓት ግድም ነበር። እኔ የቀረውን ክፍለ ጊዜ አስተምሬ ወጣሁ፤ ምን እንዳስተማርሁ አላውቅም።

ማኅተሙን ያድርግላቸው አያድርግላቸው አላውቅም። ልጁ ይመለስ አይመለስም አላውቅም። የብርጓል እዚያ ካለች ማኅተሙ በእጇ ነው፤ አበራ ሳያይ ልታደርግላቸው ትችላለች ብዬ አስቤ ነበር። እንዲህ እያልሁ ከማሰብ አልወጣም።

ፀሐይወርቅ ከፋብሪካ የምትወጣው በአሥራ አንድ ሰዓት ነው። ይህን ደብተር ከዱቄቱ ጣሳ ሥር አደርገዋለሁ፤ ከእሷ በቀር ያንን ጣሳ የሚያነሣ የለም። አንብበሽ ስትጨርሺ አቃጥይው። የሀቢባን ነገር ለማንም እንዳትናገሪ።

ሹራብ ለብሻለሁ፣ ከውስጥ ሁለት ካልሲ፣ ከላይ ኮት። ሲሚንቶ ላይ የሚያድር ሰው ብዙ መልበስ አለበት ሲሉ ሰምቻለሁ። ውጭ የግንቦት ፀሐይ ቆርቆሮውን ያስጮኸዋል። በር ላይ ስቆም ጎረቤታችን ሰገነት በአጥሩ በኩል አየችኝና «አሞዎታል እንዴ መምህር?» አለችኝ።

«ብርድ ብርድ ይለኛል» አልኋት።

ውሸቴን አይደለም፤ ጥርሴ ይንገጫገጫል፣ ጽሑፌም ተበላሽቷል። በጣም ፈርቻለሁ።